ለሰላምታ አውራ ጣት

ዓለም ገና፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ባለችው የስልክ ጥገና ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ ታደለ ካቻቢቴውን ከእጄ ነጠቀኝ። "ምን ያስቸኩልሻል? መጀመሪያ ደውይበት! አልጠራ ካለ ያኔ ትፈቻለሽ" አለኝ።

የተማርኩት ስክሪን መቀየር፣ የቻርጅ ሶኬት መበየድ፣ ውሃ የገባበትን ቦርድ በአልኮል ማጠብ ነው። ሰው የሚያመጣልኝ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንድ የታክሲ ረዳት "ላይክ አይገባልኝም፤ አንቴናው ነው እንዴ?" ብሎ መጣ። ኧረ በሕግ አምላክ! "ወንድሜ፣ አንቴናህ ደህና ነው፤ ፎቶህን አልወደዱልህም" ስለው ተቆጥቶ ሌላ ሱቅ ሄደ። እዚያ ሳይፈቱለት አልቀሩም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የኦቦ ገመዳ ነገር ነው። የሰፈራችንን እድር ካቋቋሙት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። እድሩ የስልክ ግሩፕ ሲከፍት ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው "አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ" ይጽፋሉ።

አንድ ቀን መጥተው ስልኩን ባንኮኒው ላይ ጣል አደረጉት።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል። የሰው ቃል አያስገባም።"

ደወልኩበት፤ ጠራ። ግሩፑን ስከፍት ከሰላምታቸው ሥር አውራ ጣት በአውራ ጣት ሆኗል።

"መልሰውልዎታል እኮ፣ ኦቦ! ይኸው!"

"እሱ ነው መልሱ? አደራችሁ ወይ ስላቸው ጣት ይቀስሩብኛል? በእድር ሰላምታ የሚነፈገው የተገለለ ሰው ነው። ጥፋቴን ሳይነግሩኝ ካገለሉኝ፣ እሁድ ሄጄ ስሜን አሰርዛለሁ።"

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ጠፋ። በዚያ ዕድሜ እድር መልቀቅ ቀባሪ ማጣት ነው። የምራቸውን ነበር።

ከዚያ በኋላ እድርተኛ ሱቁ በመጣ ቁጥር እጨቀጭቀው ጀመር። "አንዲት ቃል ጻፉላቸው!" አንዱ "ላይክ አደረግኩላቸው እኮ፣ ሌላ ምን ላድርግ?" ይለኛል። አንዷ ደግሞ "ሥራ ይረፍድብኛል፤ ሌላው ይጽፋል" ትላለች። ይህችው ሴት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ የማታውቀውን ሰው ሠርግ በስልኳ በረጅሙ እየጻፈች ስታደንቅ አያታለሁ። ደሜ ፈላ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ገመዳ ምንም አልጻፉም። ሱቁን ልከፍት ስደርስ ያቺው ሴትዮ ከሌሎች እድርተኞች ጋር በሩ ላይ ቆማለች።

"ስልኬን እይልኝ። የኦቦ ገመዳ ሰላምታ ዛሬ አልገባልኝም።"

"ስልክሽ ደህና ነው" አልኳት። "ሰውዬው ናቸው ዝም ያሉት።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "አላደሩም እንዴ?" ብላ ሮጠች። ተከተልናት።

ኦቦ ገመዳ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የዶማ እጀታ ይጠርባሉ። ግር ብለን ስንገባ ቀና አሉ።

"እንዴት አደሩ?" አለች ሴትየዋ፣ እያለከለከች።

መጥረቢያውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ይኸው፣ አሁን ገባ" አሉ።

እሁድ ስማቸውን ሊያሰርዙ አልሄዱም። ግሩፑ ውስጥ ግን አሁንም ጣት የሚልክ አልጠፋም፤ ምን ታደርጉታላችሁ!

እናንተ አዲስ ጠጋኞች፣ "ስልኬ ምንም አያስገባም" የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ካቻቢቴ አታንሱ። መጀመሪያ እንዴት አደርክ በሉት።