ከጠበሉ በላይ የታሰረ ሽቦ

ዘመነ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሱቁ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ነው፤ እኔ የሱፍ ኮፍያ ከምሠራበት በረንዳ ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን። የፈታውን ቪቴ ሁሉ፣ ሴቶች ሳንቲም እንደሚቋጥሩት፣ በጋቢው ጫፍ ይቋጥራል። አንድ እሑድ ረስቶት ቤተ ክርስቲያን ሄደና በሰገደ ቁጥር ቋጠሮው ወለሉን ሲመታ ቄሱ ዞር ብለው አይተውታል። ያም ሆኖ ልማዱን አልተወም።

ባለፈው ጥቅምት አሻግሬ ሚኒባሱን ከሱቁ በር ላይ አቆመ። የዳባት ልጅ ነው፤ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማ ድረስ ይሠራል። ጋቢና ውስጥ እናቱ እትዬ ዘቢደር ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ዘመነ፣ ይህን ቴፕ ይንቀሉና ሌላ ይግጠሙልኝ። አባቴን እየሸፈነብን ነው።»

አባቱ መሪጌታ ተክለ ማርያም ካረፉ ዓመት አልፏል። ዜማ ሲያስተምሩ አንድ ተማሪያቸው በስልክ ቀድቷቸው ነበር፤ አሻግሬ ያንን በፍላሽ ገለበጠው። የእትዬ ዘቢደር ጆሮ ስለደከመ የስልኩ ድምፅ አይሰማቸውም። የሚሰማቸው በመኪናው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነውና፣ ጉዳይ ሳይኖራቸው ዛሪማ ደርሰው ይመለሳሉ። በዚያ ሰሞን ግን ቀጭን ፉጨት መጣ፤ ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ ከፍ ይላል።

«እሳቸው ያዜማሉ፣ ይህ ነገር ደግሞ ላያቸው ላይ ያፏጫል» አሉ እትዬ ዘቢደር። «ልጄ፣ ሁለተኛ ላጣቸው ነው?»

ዘመነ ሞተሩን አስጠፋ። የመሪጌታ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሞተሩን ሲያስነሣ ፉጨቱ ተመለሰ።

«ቴፑ ጤነኛ ነው። የዲናሞው ጩኸት ነው የሚገባበት፤ ግራውንዱን እንየው» አለ።

ግራውንድ የሚሉት ከቴፑ ወጥቶ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ጥቁር ሽቦ ነው፤ በደንብ ካልያዘ ጩኸት ያስገባል። ዘመነ በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው። ሽቦው እትዬ ዘቢደር እግር ሥር፣ ከላስቲኩ ምንጣፍ በታች ገባ። ምንጣፉን ሲገልጠው ሽቦውን ከብረቱ ጋር ያሰረው ቪቴ ዝጎ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ዝናብ ይገባል እንዴ?»

«ኧረ እኔ ነኝ!» አሉ እትዬ ዘቢደር ኮራ ብለው። «በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ጠበል አፈስበታለሁ። ሊማሊሞን እኮ ነው የሚወርደው! ላስቲኩንም እገልጠዋለሁ፤ ላስቲክ ላይ የቀረ ጠበል ለብረቱ ምን ይረባዋል?»

አሻግሬ አፉን ከፈተ። «እማዬ፣ ታዲያ አንቺው ነሻ...»

ዘመነ እግሩን ረገጠው።

«ወይ እግሬን!»

«ይቅርታ፣ ነዳጅ መስሎኝ» አለ ዘመነ።

ከዚያ የዛገውን ቪቴ ፈትቶ በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ፊቱን ሳየው የሚናገረውን እየመረጠ እንደነበር ገባኝ።

«ጥፋተኛው እዚህ ያሰረው ሰው ነው» አለ በመጨረሻ። «ጠበል የሚወርድበት ቦታ የሽቦ ቦታ አይደለም።»

ከዳሽቦርዱ ሥር ከፍ ያለ ቦታ መረጠ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። ከጋቢው ጫፍ ንጹሕ ቪቴ ፈትቶ ሽቦውን አጥብቆ አሰረና በላዩ ግሪስ ቀባው። አሻግሬም ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጁን ረገጠ።

ፉጨት የለም። መሪጌታ አንዱን ተማሪ ሲቆጡ ተሰማ፦ «ጎትተው እንጂ! ማን ያባርርሃል?»

እትዬ ዘቢደር አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። «እኔንም እንዲሁ ነበር የሚቆጡኝ» አሉና ነጠላውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።  እኔም ዜማው እስኪያልቅ ኪሮሼን አስቀምጬ አዳመጥኩ።

በኅዳር ኪዳነ ምሕረት ዕለት ሚኒባሱ ተመልሶ መጣ። እትዬ ዘቢደር ምንጣፉን ገልጠው ከያዙት የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል አፈሰሱ። ዘመነ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ሽቦው ግን ከላይ ደረቅ ነበር።

«እጅህን ዘርጋ ደግሞ፣ ለአንተም ላፍስስልህ» አሉት።

ቪቴ የቋጠረበትን የጋቢውን ጫፍ ወደ ኋላ አድርጎ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው።