ካባው ያዘገየው ሁለተኛ ፊልም

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ማርቆስ ታብሌትና ያለ ቀለም የሚጽፍ እስክሪብቶ ሰጠኝና «አንቺ መሃል መሃሉን ትሥያለሽ» አለኝ። ሶዶ ውስጥ፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች የካርቱን ፊልም እንሠራለን። ጋሽ ማርቆስ ባለቤቱ ነው። ታምራት ዋናው ሰዓሊ ነው፤ ጀግናዋ ስትነሣና ስታርፍ ይሥላል። በመነሣቷና በማረፏ መሃል ያለው አየር የእኔ ነው።

ጀግናችን ዳሞቴ ትባላለች፤ ከተራራ ላይ እየበረረች ክፉዎችን የምትቀጣ ልጅ ናት። የመጀመሪያው ፊልም በወላይትኛ ሲወጣ ልጆች የእናታቸውን ነጠላ አንገታቸው ላይ አስረው ከአጥር ይዘሉ ነበር። እናቶች ደግሞ ካባዋን ወደዱት። የወላይታ የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ ነዋ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር።

ስለዚህ ጋሽ ማርቆስ ለሁለተኛው ፊልም ካባውን አስረዘመው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ዱንጉዛ ሲውለበለብ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ይታጠፋል። አንዱ ካመለጠኝ ጨርቁ ስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የዱንጉዛ መስመር ሲዛባ ደግሞ እዚህ አገር ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ይደርሳል ብለን አስወራን፤ አልደረሰም። ለፋሲካ አልን፤ አልደረሰም።

እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጭጋግ በመስኮት ሲገባ ስክሪኑና ከተማው ይቀላቀሉብኛል። ታች የሚሄደው ሰው እግሩን አንሥቶ ገና ሳያሳርፍ የቀረ ይመስለኛል፤ እጄ መሃሉን ሊሥልለት ይነሣል። ስተኛም ካባው ከባጃጆቹ በላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ መጨረሻው አይታይም።

ሁለተኛው ሳያልቅ ጋሽ ማርቆስ የሦስተኛውን ፖስተር አሰቀለ። ታክሲ ውስጥ አንድ ልጅ ፖስተሩን አይቶ «ኧረ ይቺ ደግሞ አይሰለቻትም?» አለ። ሄጄ ለጋሽ ማርቆስ ነገርኩት።

«ልጅ ምን ያውቃል፤ ሥሪ!»

ይህ ፊልም ከከሰረ ግን የፊልም ቤቱ እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የደረሰውን ይዘን ቤሌ ከተማ ሄድንና አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች ለሙከራ አሳየን። ካባው ሰማዩን ሞላው። ዓመት ሙሉ የሣልኩት ነው። ልጆቹ ይቆነጣጠራሉ። ፊት የተቀመጠች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ወደ እኔ ዞረች፤ «ትበራለች፤ ታሸንፋለች። ከዚያስ?» አለችኝ ቀስ ብላ፣ የምታጽናናኝ ይመስል።

ከዚያ ካባም ቀለምም ያልደረሰለት፣ በእርሳስ መስመር ብቻ ያለ ትዕይንት መጣ። ዳሞቴ የእናቷን የቦይና፣ ማለትም የጎደሬ፣ ጆንያ ተሸክማ ጭቃ ቁልቁለት ስትወርድ ያዳልጣታል። ጆንያው ይፈታል፤ ቦይናው እየተንከባለለ፣ እሷ ከኋላው። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይደገም!»

«ይሄ እኮ ያላለቀ ነው» አለ ጋሽ ማርቆስ።

«ጋሼ፣ ያለቀውንማ ማን አየው?» አልኩት።

ታምራት ሳቀ። ሶዶ ገብተን ከሚኒባሱ ስንወርድ ጋሽ ማርቆስ «በረራዎቹን ቁረጡ፤ አንዱ ይበቃል» አለ።

«የዓመት ሥራዬ እኮ ነው!» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ አስቱ።»

ራሴ ቆረጥኩት። ካባው ፍሬም በፍሬም ጠፍቶ ባዶ ሰማይ ቀረ፤ ሰማዩም ያምር ነበር። ፊልሙ አጭር ሆኖ ወጣ፤ ልጆቹ አዩት፤ ቤቱም አልተዘጋም።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ ተከታይ ፊልም ስትሠሩ ቀለም ሳይነካው በእርሳስ ያለውን ለልጆች አሳዩ። የሰለቻቸውን ያኔውኑ ጣሉት፤ ገና ሳትወዱት።