ለሐዋ የተነገረው

ትናንት ከእህቴ ከየሺ ጋር አሶሳ ገበያ ወጥተን ነበር። ሐዋ ማንጎ ስትመርጥ አየናት። የሺ የያዘችውን ዘንቢል እጄ ላይ ጥላ እየሮጠች ሄደች። ተቃቀፉ፤ ተሳሳቁ። እኔ ዘንቢሏን ይዤ ቆምኩ። ቀናሁ። እስካሁን እቀናለሁ።

ድባጤ ሳለን ሦስት ነበርን። ወላጆቻችን ቀደም ብለው ስለሞቱ ታላቃችን ደሳለኝ ነበር ያሳደገን። ከዚያ ክፉ ቀን በፊት የነበረው ምሽት... እንዴት ልበለው፣ ምንም ያልነበረበት ምሽት ነው። አዝመራው ገብቷል። አዲሱን በቆሎ እየፈለፈልን ነገ ማን ወፍጮ ቤት ይሂድ ተባባልን።

«ሙሉቀን ይሂድ» አለ ደሳለኝ ወደ እኔ እያመለከተ። «እኔ ዱቄት ለብሼ ስመጣ ሽማግሌ መስዬያት የምትሸሽ ልጅ ብትኖርስ?»

«ታጥበህስ ማን አየህና ነው ደሴ?» አለችው የሺ። እሱ ራሱ ከሁላችን በላይ ሳቀ።

በማግስቱ እኔ ወፍጮ ቤት ሳለሁ በአካባቢው ሲወራ የነበረው ግጭት ሰፈራችን ደረሰ። ደሳለኝ ተገደለ። የሺ አጠገቡ ነበረች። እኔ አልነበርኩም። ከጎረቤት ጋር ስትሸሽ መንገድ ላይ አገኘኋትና መኪና እየቀያየርን አሶሳ አክስታችን ቤት ገባን።

መጀመሪያ ሰሞን የሺ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አትልም። ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» እላታለሁ። አትሰማኝም።

ክረምቱ ሲገባ ጤና ጣቢያው ሐዋን ላከልን። ሶሻል ወርከር ናት፤ እንደ የሺ የተጎዱትን ቤታቸው እየሄደች ትረዳለች። የቤቷ ቋንቋ በርታ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ»፣ «እሱ» ትላለች። ከየሺ ጋር ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍላሉ። ሐዋ ምንም አትጠይቃትም። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ግን ቀስ ብላ፣ «አሁን የት ነህ? እግርህ ምን ላይ ነው?» ትላታለች። የሺ እግሯን እያየች፣ «አሶሳ ነኝ። አፈር ላይ ነው» ትላለች። መንቀጥቀጡም ይተዋታል። የእኔ «አይዞሽ» ያላደረገውን!

«ለውዜ አለቀ፤ የእናንተ ጨዋታ ግን አያልቅም» ትላለች አክስቴ እየሳቀች። እኔን አላሳቀኝም።

አንድ ቀን ከበሩ ላይ ሆኜ አየኋቸው። የሺ እያለቀሰች ታወራለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የሰው ራስ እንደ ያዘች ሰው ታሳያለች። ድምፅዋ አይደርሰኝም። ስለ ደሳለኝ እንደሆነ ግን ገባኝ። የወንድሜን መጨረሻ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው እየሰማ ነው።

ሐዋን ከግቢው ውጭ ጠብቄ ያዝኳት። «ምን ብሎ ሞተ?» አልኳት።

«እሱ የነገረኝን እኔ አልናገርም» አለችኝ፤ የሺን ማለቷ ነው። «ሲፈልግ ራሱ ይነግርሃል።»

«ወንድሜ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። አንተስ ያንን ቀን ለሰው ነግረሃል?»

«እኔ ምን አየሁና?»

ጭቃውን እየዘለለች ሄደች።

እራት ላይ የሺን አፋጠጥኳት። «ለባዕድ የምትነግሪውን ለእኔ ትደብቂያለሽ?»

ጉርሻዋን መለሰችው። «ሐዋ ሰምታ ቤቷ ትገባለች» አለችኝ። «አንተ ግን ከሰማህ በኋላ እዚሁ ነህ። በየቀኑ ፊትህ ላይ ላየው ነው። እኔው ተነስቼ አንተን ላባብል ነው። አሁን አልችልም፣ ሙሌ።»

«መቼ ትችያለሽ?»

«አላውቅም።»

በማግስቱ ጠዋት የሺ ሳትነሳ ወጣሁ። ሣሩ ርሶ ነበር። ሐዋ የቢሮዋን በር ስትከፍት ደረስኩ።

«የእህትህን አልነግርህም» አለች ቀድማ።

«የእሷን ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት።»

ወንበር ሰጠችኝ። ተቀመጥኩና፣ «ደሴ ሲሞት እኔ ወፍጮ ቤት ለስላሳ እየጠጣሁ ነበር» አልኳት። ከዚያ የቀረው ሁሉ ተከታትሎ መጣ።

የሺ እስካሁን አልነገረችኝም። አንዳንድ ቀን «ደሴ እኮ...» ብላ ትጀምርና ትተዋለች። አልጎተጉታትም። ሐዋ የምታውቀውን የወንድሜን ቃል እኔ አላውቀውም፤ ይህ ይቆጠቁጠኛል። ቢሆንም የሺ ዛሬ በሰው መሀል ትሮጣለች፤ ትስቃለች። ከዚህ አስበልጬ ያን ቃል ማወቅ እፈልግ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ፣ መልሱን ቶሎ አላገኘውም። ቆይቼ ግን አገኘዋለሁ፤ ሳቋ ይበልጥብኛል።