ለበረኛው ያልተነገረ መርዶ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ስልኩን አላስዘጋሁም። ልጄ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ፎቶዎቹ እንዳይጠፉ ነው እላታለሁ። ፎቶዎቹን ግን እሷው ራሷ ወደ እኔ ስልክ ካዛወረቻቸው ቆይቷል።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ ሰሞን በጃፓን ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት አንድ ተጠባባቂ በረኛ ኢንተርኔት ላይ አገኘ። ይጫወታል ማለት እንኳ አይቻልም፤ ለዋናው በረኛ ኳስ እየመታ ያሟሙቀውና ወንበሩ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። የሚከታተለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ግን ልጁ ፎቶ ባወጣ ቁጥር ከሥሩ በአማርኛ ይጽፍለታል፦ «አይዞህ ልጄ፣ ጉልበትህን ሸፍን፣ ይበርድሃል።»

«በምን ቋንቋ ሊያነበው ነው?» እለዋለሁ።

«ማሽኑ ይተረጉምለታል። ባይተረጉምለትም ሰው እንዳየው ያውቃል።»

ልጁም ሁልጊዜ የልብ ምልክት ይልክለት ነበር።

የባለቤቴ አርባ ከወጣ በኋላ አንድ አጭር ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ፤ ጓደኞቹ ጎል ሲያገቡ በረኛው ወንበሩ አጠገብ ብቻውን ሲጨፍር ያሳያል። ያን ጊዜ ነው ስልኩ ባዶ መኝታ ቤት ውስጥ መጮህ የጀመረው። የአገራችን ወጣቶች ከበረኛው ፎቶዎች ሥር የባለቤቴን ጽሑፎች አግኝተው «ጋሼ አይዞህ» የሚል ስም አውጥተውለታል። «ጋሼ፣ ለእኛም ይጻፉልን እንጂ፣ እኛም ከተጠባባቂ ወንበር አልተነሣንም!» ይላሉ። በምንኖርበት የባዕድ ከተማ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ተሰልፌ፣ ከፊቴ የቆሙ ሁለት ወጣቶች የእሱን ቃል ጮክ ብለው እያነበቡ ይስቁ ነበር። ጥቁሬን ለብሼ ከኋላቸው ቆሜ ሰማኋቸው።

ከዚያ በረኛው ራሱ ከባለቤቴ የመጨረሻ ጽሑፍ ሥር ጻፈ። ማሽን የተረጎመው አማርኛ ነበር፦ «አባት፣ አይጽፉም። ደህና ነዎት? ዋናው በረኛ ተጎዳ። ቅዳሜ እኔ እጫወታለሁ።»

ልጄ ከምትኖርበት ከኢንግልዉድ መጣች።

«እማዬ፣ እኔ ፖስት ላድርገው። አርፏል ማለት ነው፣ በቃ።»

«መርዶ በስልክ?»

«ታዲያ ጃፓን ድረስ ልትሄጂ ነው?»

እናቴ አዲስ አበባ ያረፈች ጊዜ እኔ ዘንድ ማንም አልደወለም። ሰው ተጠራርቶ በማለዳ አፓርታማችን መጣ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኜ ከተቀመጡ በኋላ ነው ባለቤቴ አፉን የከፈተው። መሬት ላይ ልወድቅ ስል የያዙኝ እነሱ ናቸው።

«ይሄንን ልጅ ማን ይይዘዋል?» አልኳት።

«ኧረ እማዬ፣ አባዬን በአካል እንኳ አያውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ጠየቀ?»

ስልኩን አንሥቼ ባለቤቴ በሚጽፍበት አጻጻፍ ጻፍኩ፦ «ደህና ነኝ ልጄ። ትንሽ አሞኝ ነበር። ቅዳሜ አይሃለሁ፣ ኳሷን አትፍራት።»

ብዙም ሳይቆይ ልቡን ላከ። ልጄ በትከሻዬ በኩል አንብባ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምታደርጊው?»

«አጠገቡ ሰው መኖሩን እስካውቅ።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። የማላውቃቸው ሰዎች ጋሼ ተገኙ እያሉ ይደሰታሉ፤ ረጅም ዕድሜ ይመኙለታል። እኔም አንድ በአንድ እያነበብኩ አሜን እላለሁ።