የድንጉላው ወንድም

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ፈረስ ትፈራለህ?» ብሎ ነው። «አዎ» አልኩት። «ችግር የለም፤ እዚህ ፈረስ የለም» አለኝና ወንበሬን አሳየኝ።

ቢሮው ለንደን፣ ባተርሲ ውስጥ፣ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነበር። ግድግዳው በድንጉላ ሥዕል ተሞልቷል፤ መስኮቱ ደግሞ የአውቶቡስ ማቆሚያ ያሳያል። አለቃዬ ሚስተር ፔምበርተን የዘር ፈረስ ደላላ ነው። ባዝራ፣ ማለትም ሴት ፈረስ ያለውን ሰው፣ ያልተኮላሸ ወንድ ማለትም ድንጉላ ካለው ሰው ጋር ያገናኛል። እኔን የቀጠረኝ ለፋይል ነው፤ አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፣ ለንደን መጥቼም ዌምብሊ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስደረድር ኖሬያለሁ። ሁለቱም ሥራ አንድን ነገር በቦታው ማስቀመጥን ያስተምራል።

በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ላይ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የእንግሊዝ ሰፋሪዎች የያዙት አንድ የእርሻ ወረዳ አለ። ንጹሕ ዘር ያላቸው የእሽቅድምድም ፈረሶች እስከ ዛሬ እዚያ ይረባሉ። ድንጉላዎቹ እዚያ ናቸው፤ ባዝራዎቹም፣ ባለቤቶቹም እዚያው ናቸው። የድንጉላዎቹ ዝርዝር መጽሐፍ ግን በየዓመቱ ከለንደን ታትሞ ካልመጣ ማንም አያምነውም። ስለዚህ አንድ ሐበሻ ባተርሲ ተቀምጦ፣ ስለ አፍሪካ ፈረስ ለአፍሪካ ገበሬ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ያ ሐበሻ እኔ አምሃ ነኝ፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ጽፌያለሁ።

ለአንድ ድንጉላ አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ስሙ፣ መልኩ፣ ቁመቱ፣ አባቱ፣ እናቱ፣ ያሸነፈው ውድድር፣ የወለዳቸው ልጆች በቅደም ተከተል ይሰፍራሉ። ሚስተር ፔምበርተን በመጀመሪያው ሳምንት ሕጉን ነገረኝ። «ውሸት አይጻፍም። ክፉ ነገርም አይጻፍም። ስለ ፈረሱ የሚባል ከጠፋ ስለ አያቱ ጻፍ።» ይህን ሥራማ አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ። ስንቴ ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ ሄጃለሁ! ሙሽራው ሥራ ከሌለው የአያቱን ደግነት ነው የምናወራው።

ቋንቋውን ቀስ በቀስ ለመድኩት። «ብርቱ መንፈስ ያለው» ማለት ሰው ይነክሳል ማለት ነው። «ዕድል ያልቀናው» ማለት አንድም ቀን አላሸነፈም ማለት ነው። ለመልመድ ያስቸገረኝ የዝምድናው ነገር ነው። እኛ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንሸሸውን፣ እነሱ ሦስተኛው ቤት ላይ ሲያገኙት በወፍራም ፊደል ያትሙታል።

በሁለተኛው ዓመቴ ሚስተር ኪማኒ የሚባሉ ሰው ከዚያ ወረዳ ደወሉ። ድምፃቸው የሽማግሌ ነው። በወጣትነታቸው የዊትኮም ቤተሰብ እርሻ ላይ ባልደራስ ነበሩ፤ ማለትም የፈረሶቹ ተንከባካቢ። ዊትኮሞች ከድሮ ሰፋሪዎች የተረፉ፣ የወረዳው ትልቁ ቤት ናቸው። ኪማኒ አሁን የራሳቸው ቁራጭ መሬትና ሞርኒንግ ሌተር የሚባል አንድ ዳማ ድንጉላ አላቸው። በመጽሐፋችን ውስጥ የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለት ወቅት ሙሉ አንድም ባዝራ አልመጣለትም።

«ልጆቼ ዘንድሮም ካልመጣለት አኮላሽተን ለመጋለቢያ እንሸጠዋለን ብለዋል» አሉኝ። «ሲወለድ በእጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እባክህ ልጄ፣ አሳምረህ ጻፈው። ሙሉ ገጽ ስጠው።»

ስድሳ ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ልጄ ብሎ የጠራኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ገጹን ሰጠሁት።

የአባቱን ፋይል ሳገላብጥ ልቤ ዘለለ። አባቱ በስተርጅናው ወደዚያ ወረዳ የተላከ ዝነኛ ድንጉላ ነው፤ ከዚያ በፊት እንግሊዝ አገር ኮሎኔል ፕለምን ወልዷል። ኮሎኔል ፕለም ማለት በዘመኑ የሚቀድመው ያልነበረ ፈረስ ነው። እኛ አገር ሰው በአባቱ ስም ይጠራል፤ የሁለት ሰዎች አባት አንድ ከሆነ ወንድማማች ናቸው፤ ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ስለዚህ «የኮሎኔል ፕለም ግማሽ ወንድም» ብዬ በወፍራም ፊደል ጻፍኩ። ሚስተር ፔምበርተን የትልልቅ ደንበኞችን ገጽ በመነጽር ያነባል፤ የትንንሾቹን ስልክ እያወራ ይፈርማል። ይህንንም ፈረመ።

መጽሐፉ በወጣ በሁለት ሳምንት ሰባት ባዝራ ተመዘገበለት። ኪማኒ ደውለው መረቁኝ። እኔም ለአንድ ሳምንት ያህል ራሴን እንደ ትልቅ ጸሐፊ ቆጠርኩ።

ከዚያ የሚስተር ዊትኮም ደብዳቤ መጣ። ሚስተር ፔምበርተን ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመና «አምሃ፣ ትንሽ የሚያሳስብ ነገር ገጥሞናል» አለኝ። እንግሊዝ ይህን ሲል ቤቱ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው።

ደብዳቤው አጭር ነበር። በዚህ ሙያ ፈረስ ወንድም የሚባለው በእናቱ ብቻ ነው። አንድ ድንጉላ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይወልዳል፤ ያ ሁሉ ወንድማማች ከተባለ ወረዳው በሙሉ የንጉሥ ዘመድ ሊሆን ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ሐሰት ነው፤ እስከ ዓርብ ካልታረመ የወረዳው አርቢዎች ማኅበር ሞርኒንግ ሌተርን ከመጽሐፉ እንዲሰርዘው ይጠይቃሉ።

«አባታቸው አንድ አይደለም ወይ?» አልኩት ሚስተር ፔምበርተንን።

«አባት አይቆጠርም።»

«ታዲያ ስሙን በትልቁ የምንጽፈው ለምንድን ነው?»

«ለሽያጭ» አለኝ፤ እርሱም ራሱ ትንሽ ያፈረ መሰለኝ። የእርማት ወረቀት አዘጋጅ ብሎኝ ሄደ። ለኪማኒ ግን እኔ ራሴ ልንገራቸው ብዬ ለመንኩት።

ደወልኩ። «ወንድሙ አይደለም ነው የምትለኝ?» አሉ ኪማኒ።

«በአባት ነው እንጂ በእናት አይደለም።»

«በአባት ከሆነማ ወንድሙ ነው!»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።»

«ባዝራዎቹ ይቀራሉ፤ ያ ይሁን። አሁን ግን ኪማኒ ውሸታም ነው ሊባል ነው» አሉኝ። አፈርኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ስህተቱ የእኔ ሆኖ ሐሰተኛ የሚባሉት እሳቸው ናቸው፤ የሚኮላሸው ደግሞ ፈረሱ።

ማታ ሆሎዌይ ቤቴ እራት ስንበላ ለልጄ ለሣራ ነገርኳት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ ልጅ ናት። ሹካዋን አስቀመጠችና ሳቀች።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ? የእናቱን ሳይድ ቼክ አላደረግክም?»

«እናቱ ምን ታደርግልኛለች? የታወቀው አባትየው ነው።»

«ኦልራይት፣ አባት አይቆጠርም አሉህ። ሶ እናቱን ፈልጋት! ኦብቪየስ እኮ ነው።»

ልጅ አባቱን እንዲህ ሲያርመው ደስ አይልም። በማግሥቱ ግን ካፖርቴን ሳላወልቅ የእናቱን ፋይል ከፈትኩ። እናቱ ሌዲ ክሎቨር ትባላለች። ስሙን የሆነ ቦታ የጻፍኩት መሰለኝ። መጽሐፉን ከፊት ጀምሬ ገለጥኩት፤ ብዙም መሄድ አላስፈለገኝም። ገጽ አንድ፣ የሚስተር ዊትኮም ኩራት፣ በወረዳው ውዱ ድንጉላ ሰር ባርናቢ። እናት፦ ሌዲ ክሎቨር። የተወለደችበትን ዓመት፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት፣ የእርሻውን ስም አመሳከርኩ። አንዲት ባዝራ ናት። ሁለቱን ገጽ በዚሁ እጄ ጽፌአቸዋለሁ።

ኪማኒን ጠየቅኳቸው። ሌዲ ክሎቨር አርጅታ መኻን ሆናለች ሲባል፣ ዊትኮሞች ለኪማኒ የስንብት ስጦታ አድርገው ሰጧቸው። ያን ሁሉ ዓመት ላገለገሉበት መሆኑ ነው። እሳቸው ግን አንዴ ልሞክር አሉና ሞርኒንግ ሌተርን ወለደችላቸው። «ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው «የጠየቅከኝ አባቱን ነው» አሉኝ።

ሁለቱን ገጽ ሚስተር ፔምበርተን ፊት ዘረጋኋቸው። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ።

«ዊትኮም ይቆጣል» አለ።

«ሕጉን የጻፉልን እርሳቸው ናቸው።»

«ልክ ነህ።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ተመለከተ። «ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

የእርማቱ ወረቀት ዓርብ ጠዋት ወጣ። «ሞርኒንግ ሌተር የኮሎኔል ፕለም ግማሽ ወንድም ነው የተባለው ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። በሙያው ደንብ መሠረት ሞርኒንግ ሌተር የሰር ባርናቢ ግማሽ ወንድም ነው።» ሚስተር ዊትኮም «ተመልክቼዋለሁ» የሚል የአንድ ቃል መልስ ላኩ። በእንግሊዝኛ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ገጻቸውን ግን ከእኛ አላነሱም።

ከሰባቱ ባዝራዎች ሦስቱ ቀሩ። የኮሎኔል ፕለምን ስም ብለው የመጡ ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም። በምትካቸው ሰር ባርናቢ የተወደደባቸው ትንንሽ ገበሬዎች ተመዘገቡ። ወቅቱ ሲያልቅ ኪማኒ በቪዲዮ ደውለው ስልኩን ወደ በረቱ አዞሩት። ድንጉላው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አየኝ። «ልጆቼ የሚያኮላሸውን ሐኪም ቀጠሮ ሰርዘውታል» አሉኝ። ስክሪን ላይም ሆኖ ትንሽ ፈራሁት፤ ግን በጣም ደስ አለኝ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ልጆች ያለኝ ምክር አንድ ነው። የማንንም ዝምድና ከመጻፋችሁ በፊት፣ የሙያው ሰዎች ዝምድናን በማን በኩል እንደሚቆጥሩ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ጽፌ ለአንድ ፈረስ የሌለውን ወንድም ሰጠሁት፤ ያለውን ደበቅኩበት።