አጎቴና የዶክተሯ አልኮል

አጎቴ ሃያ ስድስት ዓመት በቤተ ሙከራ ዕቃ አጥቧል። ሥራውን ሲጠይቁት "ብርጭቆ አጥባለሁ" ይላል፤ ሰው ምግብ ቤት ይመስለዋል፤ እሱም አያርምም። ሰው ማረም አይሆንለትም። እናቴ "ወንድሜ እግሩን የረገጠውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃል" ትላለች።

አለቃው አንዲት ዶክተር ነበረች። ሐሳቧ ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለጥቅም ማዋል ነው። ጋዙን ፈሳሽ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ እየነፋች፣ በመዳብ ዝርግ ኤሌክትሪክ እየለቀቀች፣ አልኮል እንዲሆንላት ትጠብቃለች። አምስት ዓመት ጠብ ያለላት ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ግን አልኮል ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ያጠበው ዕቃ አሳፍሯት አያውቅም። "ጋሼ፣ እጅዎ ብሩክ ነው!" አለችው። ጽሑፍ አሳተመች፣ ተሸለመች፣ ተማሪ ጎረፈላት።

አጎቴ የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ሲመለስ ቤተ ሙከራው ለቅሶ ቤት መስሏል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልኮሉ ጠፍቷል። ተተኪው ዕቃውን የሚያጥበው በተጣራ ውሃ ብቻ ነበር። አጎቴ ግን ውጤቱ ከተገኘበት ሰሞን ጀምሮ፣ ቶሎ እንዲደርቅለት መጨረሻ ላይ ሁሉንም፣ ጋዙ የሚያልፍባቸውን የላስቲክ ቱቦዎች ሳይቀር፣ በአልኮል ያለቀልቃል። አንዱን ቱቦ እንደ ልማዱ አለቅልቆ ከደረቀ በኋላ አሸተተ፤ አልኮሉ አልለቀቀውም። ዶክተሯ አገኘሁ የምትለው አልኮል እሱ ያለቀለቀበት ነው።

"ነገ እነግራታለሁ" አለ። በነገታው እንግዶች መጡ። በማግስቱ እናቷ ሽልማቱን ልታይ መጣች። እንዴት ብሎ ይናገር? ዝም ብሎ ማለቅለቁን ቀጠለ፤ ቢተወው ውጤቱ ሊጠፋ ነዋ! እዚህ ላይ እኔ አልምረውም። ይሉኝታ ይሉኛል፤ እኔ ፍርሃት ነው የምለው።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራዋን ሞክረው እምቢ አላቸው፤ ሲጣራ ቱቦው ተያዘ። ዶክተሯ ስብሰባ ላይ ተነስታ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስተጣጠቡን መከታተል ነበረብኝ" አለች። ጽሑፏ እንዲሰረዝ ራሷ ጠየቀች፤ ቤተ ሙከራውም ተዘጋ።

ዕቃዋን ስትሰበስብ አጎቴ ሊያግዛት ገባ።

"ዶክተር... ያ ቱቦ..." ብሎ ጀመረ።

ትከሻውን ያዝ አደረገችው። "አይጨነቁ ጋሼ። አጣሪዎቹ እሳቸው ያውቁ ነበር ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ቢያውቁማ ኖሮ ገና በጠዋቱ ይነግሩኝ ነበር አልኳቸው።"

አጎቴ ካርቶኑን ተሸክሞ እስከ መኪናዋ ሸኛት፤ እሷም ስለ ሁሉም አመሰገነችው። "አመሰገነችኝ እኮ" እያለ ነው እስከ ዛሬ የሚያለቅሰው።