በኦሞ ወንዝ ላይ ጆንያ ሆኜ

እሑድ ጠዋት ታጥባችሁ፣ ለብሳችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ከወጣችሁ በኋላ የምትሄዱበት ቤት እንደሌለ ደጃፉ ላይ ቆማችሁ አስታውሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ኦሞራቴ በተመደብኩበት ዓመት ይህ በየሳምንቱ ይደርስብኝ ነበር። ጂንካ የምደባ ወረቀቴን ተቀብዬ፣ በጭነት መኪና ላይ በቀይ አፈር አድርጌ ቆላ ስወርድ የማስበው ስለማስተምረው ሒሳብ ብቻ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደህና ነኝ። ቅዳሜ ልብሴን አጥባለሁ፣ ጠመኔዬን በየቀለሙ እደረድራለሁ። እሑድ ግን የሚደረደር ነገር አይተርፈኝም።

ጀልባዋን ያገኘኋት በእንዲህ ያለ እሑድ ነው። ወንዙ ዳር ሦስት ሰዎች በአንዲት የእንጨት ጀልባ ላይ ምሰሶ ሲያቆሙ ደረስኩ። አንደኛው፣ መሪ የሚይዘው፣ ቀድሞ ምጽዋ መርከበኛ የነበረ፣ አሁን በአካባቢው ባለው ትልቅ እርሻ የውሃ ሞተር የሚያንቀሳቅስ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛው፣ የሸራውን ገመድ የሚይዘው፣ ከጂንካ አካባቢ የመጣ የአሪ ተወላጅ፣ የትራክተር መካኒክ ነው። ሦስተኛው የዳሰነች ዓሣ አጥማጅ ሲሆን ከፊት ተንበርክኮ ጀልባዋን የሚይዝ አሸዋ እንዳይኖር ውሃውን ይቃኛል። ሸራቸው ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ የተሰፋ ነበር። በዓመት አንዴ፣ በበዓል ቀን፣ ከከተማው የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጀልባ ጋር ይወዳደራሉ፤ እሑድ እሑድ ለዚያ ይለማመዳሉ።

ጎልማሳው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

“መምህር፣ ስንት ኪሎ ትሆናለህ?”

“እንጃ ጋሼ፣ ሰባ አካባቢ።”

“ይበቃል። ግባ።”

ነገሩን ላስረዳ። ነፋሱ ከታች፣ ወንዙ ከሚገባበት ሐይቅ፣ ወደ ላይ ይነፍሳል፤ ወንዙ ደግሞ ከላይ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ስለዚህ ሽቅብ የምንወጣው በሸራ ነው፤ ቁልቁል ስንመለስ ሸራውን አውርደን በወራጁ ውሃና በመቅዘፊያ። ወንዙ ሲታጠፍ ነፋሱ ከጎን ይመጣና ጀልባዋን ያጋድላታል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ነፋሱ በሚመጣበት ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ወደ ውጭ መጣል አለበት፤ አለዚያ ተገልብጦ ከአዞ ጋር መተዋወቅ ነው። ከእኔ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው አሸዋ የተሞላ ጆንያ ነበር። መካኒኩ በዚያው ቀን ስም አወጣልኝ።

“ጓድ ጆንያ! ቁርስ አልበላህም እንዴ? ቀለህብናል!”

“አንተ ገመድህን ያዝ።”

“ገመዱማ ተይዟል። የዘንድሮ አሸዋ ነው ወሬ ያበዛው!”

ደስ አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ የቀለደብኝ ሰው አልነበረም።

ችግሩ ነፋስ ሲደክም ነው። በደካማ ነፋስ ተጨማሪ ክብደት ሸክም ነው። “መምህር፣ ዛሬ ውረድ” ይለኛል ጎልማሳው፣ ሳይቆጣ። እወርዳለሁ። ሦስቱ ሲርቁ አይቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ስለዚህ እሑድ ስነሳ መጀመሪያ የማየው የትምህርት ቤቱን ባንዲራ ነበር። ከተውለበለበ የዚያን ቀን ሰው አለኝ፤ ከተንጠለጠለ የለኝም።

ጀልባዋ ላይ ደግሞ ጨዋታ ይኖራል ብዬ ነበር። የነፋስን አቅጣጫ በማዕዘን ማስረዳት ስጀምር ጎልማሳው እጁን አነሳ። “ዝም በል እባክህ፣ ሸራው ሲርገበገብ መስማት አለብኝ።” ከዚያ በኋላ አራታችንም እየሰማን ዝም ብለን እንጓዝ ነበር። ከቤቴ ዝምታ የሚለየው የሰው ጉልበት ጉልበቴን መንካቱ ብቻ ነው። ያም ብዙ ነበር።

የውድድሩ ቀን ባንዲራው ተውለበለበ። በኩራት ጠርዜ ላይ ተቀመጥኩ። የሁለቱም ጀልባ ሸራ ሞልቶ፣ ጎን ለጎን ሽቅብ ወጣን። መዞሪያው ከመታጠፊያው በላይ ያለ ትልቅ ሾላ ነው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ግን የወንዙ ዳር ደን ነፋሱን ከለለብን። ጀልባዋ ቀዘቀዘች። “አሸዋ! አሸዋ!” አለ ዓሣ አጥማጁ፤ ሳይጨርስ ከጀልባዋ ሥር ክርር የሚል ድምፅ መጣ። የዓሣ ማኅበሩ ጀልባ አልፎን ሄደ።

ሦስቱም አዩኝ። ደንቡ ጀልባዋ ትድረስ እንጂ የሰው ቁጥር አይጠይቅም። ዓሣ አጥማጁ አዞ እንዳይኖር ውሃውን ግራ ቀኝ ቃኘና በራሱ “ውረድ” የሚል ምልክት ሰጠኝ። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ ገፋሁ፣ ጀልባዋ ተላቀቀች። መልሶ ለመውጣት እሷን ማቆም ያስፈልጋል። አልወጣሁም።

ዳር ቆሜ ሳያት ከውስጥ ሆኜ ጨርሶ አይቼው የማላውቀውን ነገር አየሁ። መካኒኩ ከጭንቀቱ የተነሳ ገመዱን እስከ መጨረሻው ስቦታል። ሸራው ጠፍጣፋ ሆኖ ተወጥሯል፤ ያቺ ትንሽ ነፋስ ጀልባዋን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ትገፋታለች።

“ልቀቅ!” ብዬ ጮህኩ። “ገመዱን ልቀቅ! ትንሽ ጨምር! በቃ!”

ሸራው ሆዱን ነፋ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ሄደች፣ ከመታጠፊያው ጀርባ ተሰወረች። ሲመለሱ በወንዙ መካከል እየቀዘፉ አለፉኝ፤ የዓሣ ማኅበሩ ጀልባ ከኋላቸው ነበር። መካኒኩ መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። መቆም ግን አይቻልም። በእግሬ፣ በዚያ ሐሩር፣ የወንዙን ዳር ይዤ ወረድኩ። የሕዝቡ ጩኸት ከሩቅ ተሰማኝ፤ ስደርስ ሰው ተበትኗል፣ ሦስቱንም የእርሻው መኪና ወስዷቸዋል። እርጥቡ ሸራ ቁጥቋጦ ላይ ተሰጥቷል። አጠገቡ ጥቂት ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር።

“አውቃለሁ ጋሼ፣ አልገባም” አልኩ።

“አትግባ። ግን ወደ ቤት አትሂድ። ዳር ዳሩን ተከተለንና እንደዚያን ቀን ንገረን። ከውስጥ አይታይም።”

“ጆንያው አፍ አወጣ!” አለ መካኒኩ።

ከዚያ በኋላ ነፋስ ኖረም አልኖረ እሑዶቼ ሁሉ የነሱ ሆኑ። ነፋስ በበረታ ቀን የድሮው የአሸዋ ጆንያ ቦታዬ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ “ሳብ”፣ “ልቀቅ” እያልኩ ብቻዬን ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። ጉልበቴን የሚነካው ሣሩ ነው።

ጀልባ ባይኖራችሁም ይህን ሞክሩ። ነፋስ ባለበት ቀን የአንሶላ አንዱን ጠርዝ ከላይና ከታች ቋሚ እንጨት ላይ እሰሩ፤ ከቀሩት ጫፎች በታችኛው ላይ ገመድ ቋጥሩ። ጨርቁ እስኪርገበገብ ልቀቁ፤ ከዚያ መርገብገቡ እስኪቆም ብቻ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። እዚያ ላይ ያዙት። በመጨረሻ ገመዱን ለሌላ ሰው ስጡና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የምታዩትን ጮክ ብላችሁ ንገሩት።